ውሃ የማይተፋ የእስያ ፒር ሰላጣ

ነሐሴ ሲገባ ጥያቄው ይጀምራል፤ እስከ ኅዳርም አያቆምም። «ያንን ክብ፣ ቡናማ፣ ፖም የሚመስል ፒር ገዛሁ። ከትፌ ሰላጣ ውስጥ ጨመርኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ተኛ፣ ፍሬውም ጠቆረ። ምን አጥፍቼ ነው?» የምኖረው በቨርጂኒያ፣ የኮሪያ መደብሮች ከሚበዙበት ከአናንዴል ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ጠያቂዎቼም አብዛኞቹ ፍሬውን በእነዚሁ መደብሮች አይተው፣ መልኩ ደስ ብሏቸው የገዙ የአገሬ ልጆች ናቸው። መልሱን በስልክ ለሃያኛ ጊዜ ከምደግመው ብጽፈው ይሻላል።

ነገሩ ይህ ነው። የእስያ ፒር ከመቶ 88 ያህሉ ውሃ ነው፤ ውሃውም የታጠረው በስስ ግድግዳ ነው። በቢላዋ በቆረጣችሁት ቁጥር ግድግዳው ይቀደዳል፤ ጨው ከነካው ደግሞ ውሃው ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ ሰላጣው ውስጥ የሚገባው ሌላው ነገር ሁሉ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ፒሩ መጨረሻ ላይ ይቆረጣል፣ ወዲያው ይበላል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል የተደረደረው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ደረጃዎቹን አታቀያይሩ።

ፍሬውን ስትገዙ

በኮሪያ መደብሮች «ቤ» ይሉታል፤ በእስራኤልና በአውሮፓ ገበያ ደግሞ «ናሺ» በሚለው የጃፓን ስሙ ይታወቃል። ቆዳው ቡናማና ሻካራ የሆነው (ሆሱይ፣ ሺንጎ) ለሰላጣ የምመርጠው ነው፤ ሥጋው ጠንከር ያለና ጣፋጭ ነው። ቆዳው ለስላሳና ቢጫማ አረንጓዴ የሆነው ኒጂሴይኪ ቀለል ያለ ጣዕም አለው፤ እሱም ይሆናል። ከቻይና የሚመጣው፣ የፒር ቅርጽ ያለውና ፈዛዛ ቢጫ የሆነው «ያ ሊ» ከሁሉም ይበልጥ ውሃማ ነው። እሱን ካገኛችሁ ከታች ከምለው ወፍራም አድርጋችሁ ቁረጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንደ ተለመደው ፒር እስኪለሰልስ ድረስ መስኮት ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። የእስያ ፒር የሚበስለው ዛፉ ላይ ነው። ሲሸጥም፣ ሲበላም እንደ ፖም ድርቅ ያለ ነው። ከለሰለሰ አልፎበታል ማለት ነው፤ ለሰላጣ አይሆንም። ስለዚህ በጣታችሁ እየጫናችሁ አትመርምሩ፤ ፍሬው ጠንካራ ቢመስልም ቶሎ ይበልዛል። ያ መረብ የመሰለ የስፖንጅ ካልሲ የለበሰው ለጌጥ አይደለም። ለመጠኑ ከበድ የሚለውን፣ ስርጉድ የሌለበትን፣ ግንዱ አጠገብ ሲያሸቱት ጣፋጭ ሽታ ያለውን ምረጡ። ቡናማዎቹ ላይ ከሥር አረንጓዴ የሚታይ ከሆነ ያለ ጊዜው የተለቀመ ስለሚሆን ጣዕሙ ያንሳል፤ ወርቃማ የሚመስለውን ውሰዱ።

ቤት ስትገቡ ካልሲውን ሳታወልቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የአትክልት መሳቢያው ላይ አስቀምጡት። ውጭ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። የመስከረሙን ፍሬ ለጾመ ነቢያት ያደረሱ ሰዎች አውቃለሁ። ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት አርቁት፤ ሽታ ይቀበላል።

አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች፦ ይህን ፍሬ ካላገኛችሁ ድርቅ ያለ የጨንቻ ፖም ተጠቀሙ። ፖም ከእስያ ፒር ይልቅ ጎምዘዝ ስለሚል ከታች ከተጻፈው ሎሚ አንዱን ማንኪያ ቀንሱ። ለስላሳውን ተራ ፒር ግን አትተኩ፤ ሲነሳሳ ይፈርሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ4 ሰው)

ለሰላጣው፦
- 1 ትልቅ የእስያ ፒር (400 ግራም ገደማ) ወይም 2 መካከለኛ
- ሩብ ጥቅል ጎመን (250 ግራም ገደማ)
- 1 ኪያር
- 1 መካከለኛ ካሮት
- ግማሽ ቀይ ሽንኩርት
- 1 ወይም 2 ቃሪያ
- አንድ እፍኝ የናና ቅጠል (ናና ከሌለ የድንብላል ቅጠል)
- 2 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ

ለማጣፈጫው፦
- 3 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
- 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሽታው የማይከብድ (የሱፍ ወይም ለዘብ ያለ የወይራ ዘይት)
- 1 የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ትኩስ ዝንጅብል
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት
- ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለጎመኑ ደግሞ ለብቻው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ

ለመንከሪያው፦
- 2 ኩባያ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ
- 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ

ዕቃዎቹ ቀላል ናቸው፤ የተሳለ ቢላዋ፣ መላጫ፣ መክተፊያ፣ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን፣ ማጥለያ፣ ንጹሕ ፎጣና ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ። ከእነዚህ ሁሉ ወሳኙ ቢላዋው ነው። የደነዘ ቢላዋ ፍሬውን አይቆርጠውም፣ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ደግሞ ውሃውን እዚያው መክተፊያው ላይ ያፈሳል። ሳትጀምሩ ሳሉት።

ስኳር ወይም ማር ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ረስቼ አይደለም። ፍሬው በራሱ ይበቃል፤ የሚያንሰው ጎምዛዛ ነገር ነው። የሎሚው መጠን የበዛ የመሰላችሁም ለዚህ ነው።

አሠራሩ

1. ፒሩን ቢያንስ ለ2 ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት። ቀዝቃዛ ፍሬ ሲቆረጥ ድርቅ እንዳለ ይቆያል፤ መጥቆሩም ይዘገያል። ለብ ያለ ፍሬ ቆርጣችሁ በኋላ አቀዘቅዘዋለሁ ብትሉ ቁርጡ ቀዝቅዞ ሳያበቃ መልኩ ይቀየራል።

2. እጃችሁን ታጠቡ፤ አትክልቱንና ፒሩን በሚፈስ ውሃ እጠቡ። ፒሩ የሚላጥ ቢሆንም ይታጠባል፤ ቆዳው ላይ ያለውን ቆሻሻ ቢላዋው ወደ ውስጥ ይዞት ይገባልና። ሳሙና አይነካውም፤ ሻካራውን ቆዳ በእጅ ማሸት ይበቃል።

3. ሰናፍጩን በጥብጡ። ዱቄቱን በ1 የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ለውሱና ለ10 ደቂቃ ተዉት። የሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ኃይል ዱቄቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ውሃ ሲነካው ነው የሚፈጠረው። ሙቅ ውሃ ይገድለዋል። ሎሚ ቶሎ ከገባበት ደግሞ ገና ሳይነሣ ይቆማል፤ የሚቀራችሁ ምሬት ብቻ ነው። አዚፋ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ።

4. ሽንኩርቱን በስሱ ክተፉና በቀዝቃዛ ውሃ ንከሩት፤ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አጥልሉት። የፒሩ መዓዛ ደካማ ነው፤ ያልተነከረ ጥሬ ሽንኩርት ጨርሶ ይሸፍነዋል።

5. ጎመኑን በተቻላችሁ መጠን በስሱ ክተፉ። ለጎመኑ የተመደበውን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበትና በእጅ ቀለል አድርጋችሁ እሹት። ለ15 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በሁለት እጃችሁ እያፈሳችሁ ጭመቁትና የወጣውን ውሃ ድፉት። ይህ ደረጃ አሰልቺ ስለሚመስል ብዙዎች ይዘሉታል፤ በኋላም ሳህኑ ውስጥ ላገኙት ውሃ ፒሩን ይወቅሳሉ። ግማሹ ውሃ የጎመኑ ነበር! አሁን በጨው ካልወጣ ማዕድ ላይ ይወጣል።

   በጎመን ፋንታ ቅጠል ሰላጣ የምትጠቀሙ ከሆነ ጨው አታስነኩት፤ ይጠወልጋል። አጥባችሁ በፎጣ ጠቅልሉና ጠብታ እስካይቀርበት አድርቁት። እርጥብ ቅጠል ላይ ዘይት አይይዝም፤ ማጣፈጫው ሁሉ ታች ይወርዳል።

6. ኪያሩን ለሁለት ሰንጥቁ፤ መካከሉ ላይ ያለውን ፍሬ በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ። ውሃው ያለው እዚያ ነው። የቀረውን በቀጭኑ ክተፉ።

7. ካሮቱን ላጡና እንደ ክብሪት እንጨት በቀጫጭኑ ክተፉ። መፈቅፈቂያ ይፈጥናል፣ ነገር ግን የተፈቀፈቀ ካሮት እርጥበት ያወጣል፣ ፒሩንም ብርቱካናማ ያደርገዋል። ቃሪያውን ፍሬውን አውጥታችሁ በስሱ ክተፉ።

8. ሰሊጡን በደረቅ መጥበሻ፣ በመካከለኛ እሳት፣ እያነሳሳችሁ ለ3 ደቂቃ ያህል ቁሉ። ሽታው ሲነሣና ሁለት ሦስቱ ፍሬ ሲፈነዳ ወዲያው ወደ ሳህን ገልብጡት። መጥበሻው ላይ ከተዋችሁት እሳቱ ቢጠፋም ማረሩን ይቀጥላል፤ ያረረ ሰሊጥ ደግሞ ይመራል።

9. ማጣፈጫውን ሥሩ። ሰናፍጩን፣ የሎሚ ጭማቂውን፣ ዝንጅብሉን፣ ጨውንና ቁንዶ በርበሬውን ብልቃጡ ውስጥ አድርጋችሁ በጥብጡ፤ ጨው ሲሟሟ ዘይቱን ጨምሩ፣ ክዳኑን ዝጉና በደንብ ናጡ። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ዘይቱ ቀድሞ ከገባ አንዱ ጉርሻ ጨው፣ ሌላው አልጫ ይሆንባችኋል። ሰናፍጩ ዘይቱና ሎሚው ቶሎ እንዳይለያዩ ይይዛቸዋል። ሲቀምሱት አፍ የሚያኮማትር ያህል ቢጎመዝዝ ልክ ነው፤ ፒሩ ሲገባ ይለዝባል። ሎሚ ካለቀባችሁ አቼቶ ይሆናል፣ ግን 2 ማንኪያ ይበቃል።

10. እስከዚህ ያለውን ሁሉ ከጨረሳችሁ፣ ማዕዱም ከቀረበ፣ አሁን ፒሩን አውጡ። መንከሪያውን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ 2 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ። ፒሩን ላጡት። የቡናማዎቹ ቆዳ ወፍራምና አሸዋማ ስለሆነ ለሰላጣ ይላጣል፤ ለስላሳው ቢጫ ግን ከነቆዳው ቢሆንም ችግር የለውም።

    ክብ ፍሬ መክተፊያ ላይ ይንከባለላልና ከላይና ከታች ስስ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጠፍጣፋ ቦታ ስጡት፤ ከዚያ አቁማችሁ ለአራት ክፈሉት። እምብርቱን ስታወጡ አትሰስቱ። ከዘሩ ዙሪያ ጣት ውፍረት የሚያህለው ክፍል ጎምዛዛ ነው፤ ጥርስ ላይ አሸዋ የሚመስል ቅንጣትም አለበት። ያ ቅንጣት ቆሻሻ አይደለም፣ የፍሬው ተፈጥሮ ነው፤ ሰላጣ ውስጥ ግን አይፈለግም።

    የቀረውን በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሸንሽኑ፤ ከዚያ ሽንሽኑን ደርባችሁ እንደ እርሳስ በረዣዥሙ ክተፉት። እንደ ካሮቱ እንዲቀጥን አትመኙ። የቀጠነ ቁርጥ ብዙ የተቀደደ ግድግዳ አለው፤ ብዙ ውሃ ያፈሳል፣ ብዙ አየርም ያገኘዋል። መፈቅፈቂያማ ጨርሶ አይታሰብ።

11. እየቆረጣችሁ መንከሪያው ውስጥ ጣሉት፤ ሁሉንም ቆርጣችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቁ። ፍሬውን የሚያጠቁረው ውስጡ ያለ ኢንዛይም ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው፤ ሎሚ ያንን ኢንዛይም ያደክመዋል። የመጨረሻው ቁርጥ ከገባ በኋላ 3 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከቆየ ጣፋጩ ወደ ውሃው ይወጣል። አጥልሉ፣ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ቀስ ብላችሁ አድርቁ።

    አንዳንዶች በጨው ውሃ ይነክሩታል፣ ለአንድ ኩባያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። እሱም ይሠራል። ለልጆች ምሳ ዕቃ ብቻውን የሚታሸግ ፒር ከሆነ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ለሰላጣ ግን ሎሚውን እመርጣለሁ፤ ፍሬው የጎደለውን ጎምዛዛ ጣዕም በዚያው ያገኛል፣ ከጨውም ይርቃል።

12. ጎመኑን፣ ኪያሩን፣ ካሮቱን፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ሰፊው ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ሁለት ሦስተኛውን ማጣፈጫ አፍስሱ፤ በደንብ አነሳሱ። ቀጥሎ ፒሩንና በእጅ የተቀነጠበውን ናና ጨምሩ፤ የቀረውን ማጣፈጫ ከላይ አፍስሱና በሁለት ማንኪያ ከሥር እያነሣችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ገልብጡ። ብዙ ማነሳሳት ቁርጡን ይሰብረዋል። ቅመሱ። ጨው ቢያንስ እንኳ ሳህኑ ውስጥ አትጨምሩ፤ ማዕድ ላይ አስቀምጡና እያንዳንዱ በራሱ ድርሻ ላይ ይነስንስ። ሰሊጡ ከሁሉ በኋላ፣ ከላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይረጥባል።

13. በ15 ደቂቃ ውስጥ አቅርቡ።

ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ

ይህ ክፍል የተጻፈው ከራሴ ጥፋት ነው። አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ግብዣ ሰላጣውን ቤቴ ውስጥ አሳምሬ፣ ለውሼ፣ ሸፍኜ መኪና ውስጥ አስገባሁት። መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ፈጀ። ክዳኑን ስከፍት ሳህኑ ውስጥ የነበረው ሾርባ ነው ማለት ይቀላል፤ ፒሩ ሻይ የመሰለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የቤቱ እመቤት ጨዋ ስለሆኑ በጭልፋ አቀረቡት።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። የተጨመቀው ጎመንና ሌላው አትክልት በአንድ ዕቃ፣ ማጣፈጫው በብልቃጥ፣ ሰሊጡ በትንሽ ፌስታል ይታሸጋል። ፒሩ ሳይላጥ፣ ከነካልሲው፣ ከመላጫና ከቢላዋ ጋር ይሄዳል። እዚያ ደርሶ መቁረጥ 5 ደቂቃ ነው። ወጥ ቤት ገብታችሁ መቁረጥ የማይመቻችሁ ቦታ ከሆነ ቤታችሁ ቆርጣችሁ፣ ነክራችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ አሽጉትና በረዶ ባለበት ሳጥን ውሰዱት፤ 3 ሰዓት ያህል ይታገሣል። ዕቃው ጠባብ የሚሆነው ውስጡ አየር እንዳይኖር ነው። ከማጣፈጫው ጋር የሚገናኘው ግን ማዕድ ላይ ብቻ ነው።

ለትልቅ ማኅበር ስታበዙት የፒሩንና የአትክልቱን መጠን በሰው ቁጥር አባዙ፤ ማጣፈጫውን ግን ከምታሰሉት ሩብ ያህል አሳንሱ። ብዙ ሰላጣ ባንድ ዕቃ ሲለወስ ከታች የሚጠራቀመው ማጣፈጫ ይበዛል። ሲያንስ መጨመር ይቻላል፣ ሲበዛ መቅዳት አይቻልም።

ሦስት ሌሎች መንገዶች

በቀይ ሥር፦ 2 መካከለኛ ቀይ ሥር ቀቅላችሁ፣ ላጣችሁ፣ አቀዝቅዙና ክተፉ። ግማሹን ማጣፈጫ ለቀይ ሥሩ ብቻ አፍስሱና ሳህኑ ላይ ዘርጉት። ፒሩን ለብቻው በቀረው ማጣፈጫ ለውሳችሁ ከላይ አስቀምጡ። አብራችሁ ካነሳሳችሁት በአንድ ደቂቃ ሁሉም ቀይ ይሆናል፤ ፒሩን ከቀይ ሥሩ የሚለየው ጥርሳችሁ ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ጎመኑ፣ ኪያሩና ካሮቱ አይገቡም።

በአዚፋ፦ ለጾም ቀን ምሳ የምወደው ይህን ነው። አንድ ኩባያ ድፍን ምስር እንዳይፈርስ አድርጋችሁ ቀቅሉ፣ አጥልሉ፣ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙ። እንደ ወትሮው በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ አዘጋጁት። ሊቀርብ ሲል ግማሽ ፒር የሽምብራ ፍሬ በሚያህል መጠን ከትፋችሁ ጨምሩ። ምስሩ የሚወጣውን ውሃ ስለሚጠጣው ይህ ከሁሉም ይበልጥ ስሕተት የሚታገሥ ሰላጣ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢቆይም አያሳፍርም። ምስሩ ትኩስ ሆኖ ከገባ ግን ፒሩ ይበስላል፣ ይልፈሰፈሳል።

በአይብ፦ ለፍስክ ቀን። ሰላጣውን በቅጠል ሰላጣ ሥሩና 100 ግራም ገደማ ውሃው በደንብ የተጠለለ አይብ ከላይ ፈርፍሩ፤ ቁንጥር ሚጥሚጣ ነስንሱ። አይቡ ለውሰት ውስጥ አይገባም፤ ከገባ ማጣፈጫውን ነጭ ሊጥ ያደርገዋል። ጨው ያለው አይብ ከሆነ ከማጣፈጫው ጨውን አውጡ።

ማስጠንቀቂያ

- ለሕፃናት፦ የእስያ ፒር ጥሬው ድርቅ ያለ ስለሆነ ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ይችላል። ለእነርሱ ፈቅፍቃችሁ ስጡ፤ እዚህ ላይ መፈቅፈቂያው ይፈቀዳል።
- ፒር፣ ፖም ወይም ኮክ ሲበሉ አፋቸውን የሚያሳክካቸው፣ በተለይም በጸደይ ወራት የአበባ ብናኝ የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ። ሰሊጥና ሰናፍጭም አለርጂ የሚያስነሡባቸው አሉ። ለእንግዳ ስታቀርቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሰሊጡንም ለብቻው አስቀምጡት።
- ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳይታጠብ ለዚህ ሰላጣ አይውልም። ይህ ምግብ እሳት አይነካውም፤ በኋላ ጀርሙን የሚገድልላችሁ ነገር የለም።
- የተለወሰ ሰላጣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነበት ቀን፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በረንዳ ላይ፣ ከ1 ሰዓት በላይ አይሁን።
- ስኳር ለሚቆጣጠሩ፦ 275 ግራም የሚመዝን ፍሬ 29 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚያ ውስጥ 10 ግራሙ ገደማ ፋይበር ነው። በዚህ አሠራር ለአንድ ሰው የሚደርሰው የ400 ግራሙ ፍሬ ሩብ ስለሆነ ከፒሩ የሚገኘው 10 ግራም ገደማ ነው።

ከተበላሸባችሁ

ውሃ ካወጣ፦ አታነሳሱት። ሳህኑን ዘንበል አድርጋችሁ ውሃውን ቅዱ፤ አንድ ማንኪያ ሎሚና ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ፣ ሰሊጥ አብዝታችሁ አቅርቡ። የወጣው ውሃ የማጣፈጫውን ጎምዛዛ ይዞት ስለሚሄድ ሎሚውን መመለስ ያስፈልጋል።

ከጠቆረ፦ የጠቆረ ፒር አይጎዳም፣ መልኩ ብቻ ነው። ወደ ነጭ የሚመልሰው ነገር የለም። ከቀይ ሥሩ ጋር ቀላቅሉት፤ ማንም አያይም።

ጣዕም የለሽ ከሆነ፦ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ጨው ሳይሆን ሎሚ ነው። አንድ ቁርጥ ፒር ላይ ብቻ ጠብታ ሎሚ አድርጋችሁ ቅመሱና አረጋግጡ፤ ሳህኑን በሙሉ ከመቀየራችሁ በፊት።

አፍ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ አሸዋ ካለ፦ እምብርቱን ስታወጡ ሰስታችኋል፤ ወይም የቡናማውን ቆዳ በስሱ ልጣችሁ አረንጓዴማውን ሽፋን ትታችሁበታል።

ቁርጡ የስፖንጅ ስሜት ካለው፦ ፍሬው ያረጀ ነው። ይህን ሰላጣ አያድነውም፤ ከታች «ለተረፈው ፒር» በሚለው ሥር ለተጻፈው አውሉት።

ለተረፈው ፒር

የተለወሰ ሰላጣ ለነገ አይቀመጥም። ያልተለወሰ ግማሽ ፒር ግን የተቆረጠ ፊቱን ሎሚ ቀብታችሁ፣ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ማግሥቱ ታቆዩታላችሁ። ላረጀውና ለተረፈው የኮሪያ ባለሙያዎች የሚያደርጉትን አድርጉ፤ ፈቅፍቃችሁ ለጥብስ የተከተፈ የበሬ ሥጋ ላይ እሹት። ጥሬው ፒር ሥጋ የሚያለሰልስ ኢንዛይም አለው፤ ለ1 ኪሎ ሥጋ 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ማቀዝቀዣ ውስጥ 1 ሰዓት አቆዩት፤ ሥጋው ስስ ከሆነ 30 ደቂቃ። መጥበሻው ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ፍሬውን ጠርጋችሁ አውጡ፤ ስኳሩ ቶሎ ያርራል።